በራያ ቆላ የጭነት መኪና ነጂ ኑሮ፤ ስለ ሰሜኑ አውራ ጎዳና ታሪክ አጭር ጥናት

ስለ አገራችን መንገዶች የተጻፈውን ስንመለከት አብዛኛው የሚናገረው ስለ ሠሪዎቹ ነው። መንገዱን ማን እንዳስጀመረው፣ ስንት ገንዘብ እንደ ወጣበት፣ መቼ እንደ ተመረቀ በሚገባ ተመዝግቧል። ዕድሜውን በመንገዱ ላይ የጨረሰው የጭነት መኪና ነጂ ግን እምብዛም አልታሰበም። በዚህ ጽሑፍ ለማድረግ የምንሞክረው ከአዲስ አበባ ወደ አሥመራ በተዘረጋው አውራ ጎዳና፣ በተለይም ቆቦን ይዞ በሚያልፈው በራያ ቆላ ክፍል፣ የነጂውን የዕለት ኑሮ መመልከት ነው። አሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ መንገድ የሚመዘነው በርዝመቱ ሳይሆን በላዩ በሚያልፈው ጭነትና ጭነቱ ለማን እንደሚደርስ ነው፤ ይህንንም ከነጂው ይበልጥ በቅርብ ያየ ሰው የለም።

አስቀድሞ የአገሩን አቀማመጥ መረዳት ያስፈልጋል። ቆቦ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ በሆነ ሜዳ ላይ ነው። በምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ያዋስኗታል፤ ከዞብል ወዲያ የአፋር ቆላ ነው። ከደቡብ የሚመጣ መኪና ከወልዲያ ወርዶ አላውሃን ይሻገራል፤ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎም ቆቦ ይገባል። ከዚያ እስከ ዋጃና እስከ አላማጣ ድረስ ሜዳ ነው። ከአላማጣ በኋላ ግን የግራ ካሱ ጠመዝማዛ ዳገት ይጀምራል፤ በአጭር ርቀት ውስጥ 1,000 ሜትር ያህል ተወጥቶ ኮረም ይደረሳል። እንግዲህ ቆቦ በቁልቁለትና በዳገት መካከል፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነው ጎዳናም አጋማሽ ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ ለነጂው ማረፊያ እንድትሆን ያደረጋት ተፈጥሮ ነው ለማለት ይቻላል።

ከመኪና በፊት በዚህ ሜዳ የሚያልፈው የሲራራ ነጋዴ ነበር። እርሱም ሽፍታንና የውሃ ጥምን ስለሚፈራ ብቻውን አይሄድም፤ ቅፍለት ሠርቶ፣ አለቃ መርጦ፣ ግመሉንና በቅሎውን ጭኖ በኅብረት ይጓዝ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተደረገው ጦርነት በኋላ ኢጣልያ አገሩን ስትይዝ ሰፊውን የመኪና መንገድ ሠራች። የሠራችውም በመጀመሪያ ለጦር ሠራዊቷና ለስንቋ ብላ ነው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ መንገዱ በጥገና እጦት ተጐዳ። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ ከዓለም ባንክ በተገኘ 5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ብድርም የመንገዶች እድሳት ተጀመረ።

የዚህን ታሪክ ምልክት በነጂው አንደበት ላይ እናገኘዋለን። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ጋቢና የሚሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የመኪናዎቹም ስም እንደዚሁ ነው፤ ፊያት 634 «ትሬንታ ኳትሮ»፣ ከእርሱ በኋላ የመጣው ፊያት 682 ደግሞ «ኤን ትሬ» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ወራሪው ቢሄድም መሣሪያው ከነስሙ ቀርቶ የአገሬው ሰው እንጀራ መብያ ሆነ።

አሁን ወደ ነጂው ውሎ እንለፍ። የቆላው ሙቀት ለሞተርም ለጎማም ጠላት ስለሆነ ጉዞው የሚጀመረው ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነበር። ረዳቱ ቀድሞ ይነሣል፤ ውሃና ዘይት ያያል፣ ጎማውን በብረት እየመታ በድምፁ ያጣራል፣ ሸራውንና ገመዱን ይፈትሻል። ረዳት ማለት በአንድ ጊዜ ተማሪም፣ ሎሌም፣ ዘበኛም ነው፤ ሌሊቱን የሚያድረው በጭነቱ ላይ ነው። በግራ ካሱ ዳገት መኪናው በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ በእግሩ ከኋላ ይከተላል፤ መኪናው ቢቆም ታኮውን ከጎማው ሥር ይጥላል። ይህች ቁራጭ እንጨት ያዳነችው ሰው ብዛት በመዝገብ አልተጻፈም። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይከፋል፤ ፍሬን ላይ ብቻ የተማመነ ነጂ ፍሬኑ ግሎ እንቢ ይለዋልና።

ሜዳውም የራሱ ፈተና አለው። ሆርማትና ጎሊና በበጋ የሚታየው አሸዋቸው ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ቆቦ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ድንገት ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። ልምድ ያለው ነጂ የምዕራቡን ሰማይ አይቶ ይቆማል፤ የቸኰለው ከነጭነቱ ይወሰዳል። ነጂዎች ወንዝ ዳር ተሰልፈው ውሃው እስኪጐድል ሲጠብቁ ወሬ ይለዋወጣሉ፤ የጤፍና የማሽላ ዋጋ፣ የሞተ፣ የተሾመ፣ የታሰረ ይነገራል። ነጂው ደብዳቤ ያደርሳል፣ መድኃኒት ገዝቶ ያመጣል፣ ገንዘብ በአደራ ይይዛል።

ማታ ቆቦ ሲገባ የሚቀበለው ምግብ ቤት፣ ጠላ ቤትና ጎሚስታ ነው። ከተማይቱ በመንገዱ ዳርና ዳር የተዘረጋችበት ምክንያት ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ነጂው በባላገሩ ዓይን ገንዘብ የማይቸግረው ጌታ ይመስላል። ነገር ግን ጭነቱ የነጋዴው፣ መኪናውም ብዙ ጊዜ የባለንብረቱ ነው፤ እቤቱ ያሉት ሚስቱና ልጆቹም ከፊቱ ይልቅ ደመወዙን ያውቃሉ።

የዚህ ኑሮ ትልቁ ጥያቄ የታየው በ1965 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በወሎ ረኃብ ሲገባ፣ ከየቀበሌው የተነሣው ሕዝብ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ፤ መንገዱ ላይ ቆሞም የሚያልፈውን መኪና ይለምን ነበር። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ በረኃቡ ጊዜ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እህል የሚሄደው የሚገዛው ወዳለበት ነው፤ ሰብሉና ከብቱ ያለቀበት ገበሬ ደግሞ መግዣ አልነበረውም። እንግዲህ ያው አንድ መንገድ እህሉን ከረኃብተኛው ፊት አሳልፎ ወሰደ። መንግሥት ዝም ባለበት ወቅት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ በ1965 ዓ.ም. ለተማሪው አሳዩ፤ በዚህ ጎዳና የሚመላለሰው ነጂ ግን የፎቶግራፉን እውነት በየቀኑ ያይ ነበር። የጠየቀው አልነበረም እንጂ።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። የኮረም ረኃብተኞች በጥቅምት ወር በቴሌቪዥን ለዓለም ከታዩ በኋላ እርዳታ በብዛት መጣ፤ ይሁን እንጂ እህሉን ከወደብ የሚያነሣ የጭነት መኪና አነሰ። በዚህ ጊዜ የአንድ መኪናና የአንድ ነጂ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ታወቀ። በዚያው ዘመን በጦርነቱ ምክንያት ወደ ትግራይና ወደ ኤርትራ የሚሄደው መኪና በወታደር ታጅቦ በኮንቮይ ይጓዝ ነበር። ልብ ብለን ካየነው ይህ የሲራራው ቅፍለት መመለስ ነው፤ ሞተሩ ሲጨመር ፍርሃቱ አልተቀነሰም።

ከ1990 ዓ.ም. የድንበር ጦርነት ጀምሮ የአሥመራው ጫፍ ተዘጋ፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ለጥቂት ወራት ተከፍቶ ዳግመኛ ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ቆቦ ራሷ ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ውጊያው እንደገና ያገረሸው በዚሁ በቆቦ አካባቢ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ሰሜንና ደቡብን የሚያገናኘው መንገድ የሚለያያቸው ግንባር ሆኖ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው መንገድ መኖሩ ብቻ ሕዝብን እንደማያገናኝና እንደማያጠግብ ነው። የሚሸጠው እህልም፣ የሚታደለው እርዳታም፣ የሚዘምተው ሠራዊትም የሚያልፈው በዚያው ጎዳና ነው። ስለዚህ የአውራ ጎዳናውን ታሪክ ለማጥናት የምንነሣ ተማሪዎች በመሥሪያ ቤት ዶሴ ብቻ መወሰን አይገባንም። የጭነት ደረሰኙን፣ የኬላውን መዝገብ፣ ይልቁንም የሽማግሌ ነጂዎችን ቃል መሰብሰብ አለብን። ዶሴ ሃምሳ ዓመት ቢቈይ ይጠብቀናል፤ ሰው ግን አይጠብቀንም።