የሒሳብ ሊቁ ጋውስና የልደቱ ቀን

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንድ ታላቅ የሒሳብ ሊቅ ነው። ስሙ ካርል ፍሪድሪሕ ጋውስ ይባላል። የምንጠራቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋውስ በ1777 ዛሬ ጀርመን በሚባለው አገር፣ ብራውንሽቫይግ በተባለች ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ድሃ ነበር። አባቱ ግንበኛም አትክልተኛም ሆኖ ይሠራ ነበር። እናቱ ዶሮቴያ መጻፍ አትችልም። ስለዚህ ልጇ የተወለደበትን ቀን አልጻፈችውም። የምታስታውሰው ዕለቱ ረቡዕ መሆኑንና ለዕርገት በዓል ስምንት ቀን ይቀረው እንደነበር ነው።

ይህ ነገር ለእኛም እንግዳ አይደለም። «በጥምቀት ማግስት ተወለድክ»፣ «ፍልሰታ ስትገባ ተወለድሽ» የተባልን ስንቶቻችን ነን? እናት ቀኑን አትረሳም። ነገር ግን ዕርገት እንደ ጥምቀት ቀኑ የተቆረጠ በዓል አይደለም። ፋሲካን ተከትሎ በየዓመቱ ይለዋወጣል።

የፋሲካን ቀን ማውጣት ደግሞ ሒሳብ ይጠይቃል። የአገራችን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ያወጡታል። ጋውስም በ1800 ለአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚሆን የፋሲካ ማውጫ ስሌት አሳተመ። እስቲ እኛም እንቁጠር። በ1777 ፋሲካ የዋለው ማርች 30 ነው። ፋሲካን አንድ ብለን ስንጀምር፣ 40ኛው ቀን ሜይ 8 ይሆናል። ዕርገት ያን ቀን ነው፤ ዕለቱም ሐሙስ። ከዚያ ስምንት ቀን ወደ ኋላ ስንመለስ ኤፕሪል 30 ላይ እንደርሳለን። ዕለቱስ? ረቡዕ! የእናቲቱ ቃል ልክ ነበር።

ጋውስ ገና ልጅ ሳለ መምህሩ «ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች ደምሩ» ብሎ ተማሪዎቹን አዘዘ ይባላል። ጋውስ ወዲያው 5,050 ብሎ መለሰ። መንገዱ እንዲህ ነው። 1 እና 100 ሲደመሩ 101 ናቸው። 2 እና 99ም 101 ናቸው። እንዲህ ያሉ ጥንዶች 50 ናቸው። 50 ጊዜ 101 ደግሞ 5,050 ይሆናል። እናንተም ከ1 እስከ 10 ባሉት ቁጥሮች ሞክሩት። መልሱ 55 ነው።

የከተማው መስፍን ችሎታውን አይቶ ማስተማሪያውን ቻለለት። በ1801 መጀመሪያ ፒያትሲ የተባለ ጣሊያናዊ ሴሬስ የተባለችውን ትንሽ የሰማይ አካል አየ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ከፀሐይ ብርሃን የተነሣ ጠፋች። የ24 ዓመቱ ጋውስ መንገዷን በሒሳብ አሰላ። በዓመቱ መጨረሻም ኮከብ ተመልካቾች እሱ ባመለከተው ስፍራ ፈልገው አገኟት።

በ1807 ጋውስ በጌቲንገን ከተማ የኮከብ መመልከቻው ኃላፊ ሆነ። በ1855 እስከሞተ ድረስ እዚያው ኖረ። እናቱንም ወደ ቤቱ ወስዶ እስከሞተችበት እስከ 1839 ጦራት። ዓይኗ በጠፋበት ጊዜም አልተለያትም።

ዶሮቴያ በልቧ የያዘችውን ልጇ በስሌት ወደ ቀን ለወጠው። የእኛ ልጆች ግን እንዲህ መድከም የለባቸውም። ፊደል የለየ ወላጅ እርሳሱን ያንሣ፤ የልጁን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ ወርና ዓመት በደብተር ይጻፍ። አያት በሕይወት ካሉም ይጠየቁ። የሚሉት ሁሉ ይጻፍ፤ ዕለቱም፣ በዓሉም።