የአቅርቦት ሰንሰለት አመራር፦ ምርት እንዳይቆም የንግድ ተቋማት ሊያውቋቸው የሚገቡ አሠራሮች

አንድ የታሸገ ውኃ አምራች ፋብሪካ የውኃ ጉድጓድ፣ ዘመናዊ ማሽን፣ የሠለጠነ ሠራተኛና ሰፊ ገበያ ሊኖረው ይችላል። የጠርሙስ ክዳን ካለቀበት ግን ሁሉም ይቆማል። በዋጋ ከሁሉ የሚያንሰው ግብዓት ትልቁን ሀብት ሥራ ያስፈታል። ሠራተኞች ያለ ሥራ ይውላሉ፤ የባንክ ብድር ወለድ መቁጠሩን አያቋርጥም፤ ደንበኛውም ወደ ሌላ አምራች ፊቱን ያዞራል። እንዲህ ያለውን ጉዳት አስቀድሞ ለመከላከል የሚያስችለው ሙያ የአቅርቦት ሰንሰለት አመራር ይባላል።

ምንነቱ

የአቅርቦት ሰንሰለት ማለት አንድ ምርት ከጥሬ ዕቃ ምንጩ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ተጠቃሚ እስኪደርስ የሚያልፍበት ሂደት በሙሉ ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሦስት ነገሮች ይንቀሳቀሳሉ። ዕቃው ከአቅራቢው ወደ ተጠቃሚው ይጓዛል፤ ገንዘቡ ከተጠቃሚው ወደ አቅራቢው ይመለሳል፤ መረጃው ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ይመላለሳል። ብዙ ተቋማት ለዕቃውና ለገንዘቡ ኃላፊ ይመድባሉ፤ መረጃው ግን ባለቤት አያገኝም። የሽያጭ ክፍሉ የደንበኞች ፍላጎት መጨመሩን እያወቀ የግዢ ክፍሉ ካልሰማ፣ እጥረቱ የሚታወቀው መጋዘኑ ባዶ በሆነበት ዕለት ይሆናል።

ረጅሙ መንገድ

ከኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ከውጭ የሚገዛ ግብዓት የውጭ ምንዛሪ ከተገኘለትና የባንክ ሂደቱ ከተጠናቀቀ በኋላ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል። ከዚያም በከባድ ተሽከርካሪ ወይም በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም መደበኛ አገልግሎት በጀመረው የባቡር መስመር ወደ መሀል ሀገር ይገባል። እንደ ሞጆና ኮምቦልቻ ባሉ ደረቅ ወደቦች የጉምሩክ ሥርዓት ከተፈጸመለት በኋላ ወደ ፋብሪካው ይጓዛል።

የባሕሩ መንገድም ቢሆን ዋስትና የለውም። በመጋቢት 2013 ዓ.ም 400 ሜትር ርዝመት ያላት ኤቨር ጊቭን የተባለች መርከብ የስዊዝ ቦይን ለስድስት ቀናት ዘግታ የዓለምን ንግድ አስተጓጉላለች። ከኅዳር 2016 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ በተፈጸሙ ጥቃቶች ምክንያት በእስያና በአውሮፓ መካከል የሚመላለሱ በርካታ መርከቦች የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ለመዞር ተገደዋል። ይህም ጉዟቸውን በአሥር ቀናትና ከዚያም በላይ ሲያራዝም የማጓጓዣ ዋጋን አንሯል።

የመንገዱ መርዘም ብቻውን ግን ዋነኛው ችግር አይደለም። አንድ ዕቃ ሁልጊዜ በ60 ቀን የሚደርስ ቢሆን ተቋሙ በዚያው ልክ ማቀድ ይችላል። አስቸጋሪው ነገር አንድ ጊዜ በ50 ቀን፣ ሌላ ጊዜ በ90 ቀን መድረሱ ነው። ስለዚህ የአቅርቦት ሰንሰለት አመራር ዋና ሥራ ይህን መዋዠቅ ማወቅ፣ መለካትና ለእርሱ መዘጋጀት ነው።

ቀኖችን መመዝገብ

የመጀመሪያው አሠራር ወጪ የማይጠይቅ ነው። ለእያንዳንዱ ግዢ ትእዛዝ የተሰጠበት፣ የባንክ ሂደት የተጠናቀቀበት፣ ዕቃው በመርከብ የተጫነበት፣ ጅቡቲ የደረሰበት፣ ደረቅ ወደብ የገባበት፣ ከጉምሩክ የተለቀቀበትና መጋዘን የገባበት ቀን በአንድ መዝገብ ይጻፋል። አምስትና ስድስት ጭነቶች ከተመዘገቡ በኋላ ጊዜው የሚባክነው የት እንደሆነ ይታያል። መዘግየቱ የባሕሩ መስሎ ሳለ ሰነድ በወቅቱ ካለመድረሱ የመጣ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

መቼ ይታዘዝ?

ከመዝገቡ የሚገኘው ቁጥር ቀጣዩ ትእዛዝ የሚሰጥበትን ጊዜ ለመወሰን ያገለግላል። ለምሳሌ አንድ ፋብሪካ በአማካይ በቀን 10 ካርቶን ክዳን ይጠቀማል እንበል። በበዓል ሰሞን ፍጆታው ወደ 12 ይደርሳል። ዕቃው በአማካይ በ60 ቀን፣ ቢዘገይ ደግሞ በ90 ቀን ይገባል። በአማካዩ ከተሰላ 10 በ60 ሲባዛ 600 ካርቶን ይሆናል። በክፉው ጊዜ ግን 12 በ90 ሲባዛ 1,080 ካርቶን ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው የ480 ካርቶን ልዩነት የመጠባበቂያ ክምችት ይባላል። በመሆኑም በመጋዘን ያለውና በመንገድ ላይ ያለው ክዳን ተደምሮ 1,080 ካርቶን ሲደርስ አዲስ ትእዛዝ መስጠት ይገባል። በ600 ካርቶን የሚያዝዝ ፋብሪካ ጭነቱ የዘገየ ዕለት ማሽኑን ያቆማል።

ሁሉንም ዕቃ እኩል አለማየት

ለሁሉም ግብዓት ሰፊ መጠባበቂያ መያዝ አይቻልም፤ የተከማቸ ዕቃ የታሰረ ገንዘብ ነውና። ስለዚህ እያንዳንዱን ግብዓት በሁለት ጥያቄዎች መመዘን ይጠቅማል፦ ዋጋው ምን ያህል ነው? ቢጠፋስ ምርት ያቆማል? ክዳንን የመሰለ ርካሽ ግን ምርት የሚያቆም ዕቃ በርከት አድርጎ መያዝ ተገቢ ነው። ውድና ምርት የሚያቆም ግብዓት ደግሞ የቅርብ ክትትልና በቅጡ የተሰላ መጠባበቂያ ይፈልጋል። በቅርብ ገበያ የሚገኝ ተራ ዕቃ ግን ባይከማችም ጉዳት የለውም።

በዚህ ረገድ የጃፓኑ ቶዮታ ልምድ አስተማሪ ነው። ኩባንያው የሚያስፈልገውን ዕቃ በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ በማስገባትና ክምችትን በማሳነስ ይታወቃል። ይሁንና በመጋቢት 2003 ዓ.ም በጃፓን የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ምርቱን ካስተጓጎለበት በኋላ፣ ተተኪ በቀላሉ የማይገኝላቸውን ክፍሎች ለይቶ አጠና። አቅራቢዎቹም ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ እንዲይዙ አደረገ። ከዐሥር ዓመት በኋላ የዓለም የቺፕ እጥረት ሲከሰት ከጉዳቱ ፈጽሞ ባያመልጥም ከብዙ ተፎካካሪዎቹ የረዘመ ጊዜ ተቋቁሟል።

አቅራቢን መያዝ

ምርት ለሚያቆም ግብዓት በአንድ አቅራቢ ብቻ መተማመን አደገኛ ነው። አብዛኛውን ከዋናው አቅራቢ እየገዙ ጥቂቱን ከሌላ ምንጭ፣ ቢቻል በሌላ መንገድ ከሚያስገባ አቅራቢ መግዛት በችግር ጊዜ በር ይከፍታል።

ግብዓታቸውን ከአርሶ አደሩ የሚያገኙ የዱቄት፣ የዘይትና የብቅል ፋብሪካዎችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። የጥራት ደረጃው፣ የርጥበት መጠኑና የዋጋ አወሳሰኑ ከዘር ወቅት በፊት ከማኅበራትና ከዩኒየኖች ጋር በውል ቢታሰር ሁለቱም ወገኖች አውቀው ይሠራሉ። ክፍያን በወቅቱ መፈጸም የውሉ ማሠሪያ ነው፤ ገንዘቡ የዘገየበት አርሶ አደር በቀጣዩ ዓመት ምርቱን ለሌላ ገዥ ቢሸጥ አይፈረድበትም።

መጋዘን፣ ሰነድና ገንዘብ

በመጋዘን ውስጥ የአገልግሎት ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ዕቃ ቀድሞ ሊወጣ ይገባል። ዕቃው ከወለል ከፍ ባለ ረብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደረደራል። በቢን ካርድ ላይ የተጻፈው ቁጥር በየጊዜው ከቆጠራ ጋር መመሳከር አለበት። ዕቃ የሚገዛውና ዕቃ የሚረከበው ሰው የተለያዩ መሆናቸውም ስሕተትንና ብክነትን ይቀንሳል።

ሰነድም እንደ ዕቃው ሁሉ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሽያጭ ደረሰኙ፣ የማሸጊያ ዝርዝሩና የመጫኛ ሰነዱ በመጠን፣ በክብደትና በዕቃው ስም ካልተስማሙ ጭነቱ ይያዛል፤ የወደብና የኮንቴይነር ማቆያ ክፍያም በየቀኑ ይቆጥራል። ስለዚህ የሰነዶቹን ቅጂ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ተቀብሎ ከትራንዚተሩ ጋር መመርመር ይመከራል።

የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን መደረጉም የዋጋ ስሌትን ቀይሯል። ዕቃውን በተገዛበት ዋጋ ብቻ አስልቶ የሚሸጥ ነጋዴ በወረቀት ላይ አትርፎ ቀጣዩን ጭነት መግዛት ሊያቅተው ይችላል። ሊጠየቅ የሚገባው የሽያጩ ገንዘብ ተመሳሳዩን መጠን ዛሬ መልሶ ይገዛ እንደሆነ ነው።

ከየት ይጀመር?

እነዚህን አሠራሮች ለመተግበር የግድ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። አነስተኛ ተቋም ምርት የሚያቆሙበትን አምስት ዕቃዎች መለየት፣ ለእነርሱ የቀን መዝገብ መክፈትና የማዘዣ መጠናቸውን አስልቶ በመጋዘኑ በር ላይ መለጠፍ ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን የሽያጭ፣ የግዢና የመጋዘን ሠራተኞች ተገናኝተው ቁጥሩን ቢያዩ መረጃው ባለቤት ያገኛል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ዕቃው ካለቀ በኋላ በጥድፊያ የሚፈጸም ግዢ በዋጋም በጥራትም ያስከፍላል። ክዳኑ ሳያልቅ የታዘዘ እንደሆነ ግን ማሽኑም ሠራተኛውም ሥራ አይፈቱም።