ጭራ፣ ሙጫና ገመድ፦ የዜማ መሣሪያ ጥቃቅን ረዳቶች በምዕራብ ጎጃም

የዜማ ታሪክ ሲነገር በቅድሚያ የሚነሣው የዘፋኙ ስም ነው፤ ከዘፋኙ ቀጥሎ መሣሪያው ይጠቀሳል። መሣሪያውን የሚያናግሩት ጥቃቅን ነገሮች፣ ማለት መቃኛው፣ ብርኩማው፣ መግረፊያው፣ ሙጫውና ገመዱ ግን ስም አጥተው ይቀራሉ። ሆኖም ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም አልፎ እስከ ሰከላ ባለው ገጠር የዜማ ሥራ ምን ዓይነት መንገድ እንደ ተጓዘ ለመረዳት የሚሻ ሰው ምርመራውን ከእነዚሁ ነገሮች ቢጀምር አይሳሳትም።

በሠርግ፣ በማኅበርና በገበያ ቀን የሚመጣው አዝማሪ የሚይዘው መሣሪያ አንድ አውታር ብቻ ያለው ማሲንቆ ነው። አውታሩም የደጋኑ ክርም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ በጭራ ላይ ቢሳብ ግን ይንሸራተታል እንጂ አይዘፍንም። ስለዚህ አዝማሪው ከዛፍ የተገኘ ሙጫ ወይም ዕጣን ይዞ ደጋኑን ይቀባል። የተቀባው ጭራ አውታሩን ይዞ ይስበዋል፣ ወዲያው ይለቀዋል፣ መልሶም ይይዘዋል። ይህ በቅጽበት ብዙ ጊዜ የሚደጋገም መያዝና መልቀቅ ነው ለጆሯችን ዜማ ሆኖ የሚሰማው። እንግዲህ ከኪስ ጥግ የምትገኝ አንዲት የሙጫ ቁራጭ ብትጠፋ የተሰበሰበው ሠርገኛ ያለ ዘፈን ያድራል ማለት ነው። የጎጃም ክረምት ሲገባ ደግሞ የማሲንቆው ቆዳ እርጥበት ስቦ ይላላል፤ ባለሙያውም ከምድጃው ዳር አሙቆ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። እሳቱም ሳይቀር የመሣሪያው ረዳት ነው።

ክራርና በገናም የየራሳቸው ረዳት አላቸው። የበገና ድምፅ እንደ ንብ የሚያንጎራጉረው ከአውታሮቹ ሥር፣ በብርኩማው ላይ በሚገቡት እንዝራ በሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ምክንያት ነው። ቁራጮቹ ጥቂት ቢዛነፉ አሥሩም አውታሮች ግርማቸውን ያጣሉ። ክራር ደርዳሪው ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺ ሆዬ የሚሻገረው ቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን አውታር አጥብቆ ወይም አላልቶ ነው። ከአውታሩ ሥር ያለው በቆዳ የተለበጠ ገበቴ የቀጭኑን አውታር ድምፅ ተቀብሎ ያጎላዋል። ቆዳውን ያለፋው ፋቂ፣ እንጨቱንም የጠረበው ባለ እጅ በዘመኑ የተናቁ ነበሩ፤ በእጃቸው ሥራ የሚጫወተው አዝማሪም ቢሆን ከንቀቱ አላመለጠም።

ይሁን እንጂ የዚህ የተናቀ ሰው ድምፅ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ጠላት ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ በየገበያው ሕዝብ የሚሰበስቡ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ዜና በአፍ ብቻ በሚተላለፍበት አገር አንዲት ማሲንቆ የጋዜጣ ያህል ኃይል ነበራትና።

አራት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ ዓይነት የድምፅ መሣሪያ ወደ ጎጃም ገባ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአርበኞችና ከጌዴዎን ጦር ጋር በጎጃም በኩል ሲመለሱ፣ በጆርጅ ስቲር የሚመራው የፕሮፓጋንዳ ክፍል ለጣልያን የተሰለፉት የቅኝ ግዛት ወታደሮች እንዲከዱ በድምፅ ማጉያ ይሰብክ ነበር። ጣልያን ቡሬን የለቀቀው በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ነው። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማም «ፍኖተ ሰላም»፣ ማለት «የሰላም መንገድ»፣ የሚለውን ስሟን ያገኘችው ከዚያ የመልስ ጉዞ ጋር ተያይዞ ነው። እንግዲህ በኤሌክትሪክ የጎላ ድምፅ በዚህ ምድር ለጦርነት አገልግሏል።

ለዘፈንም አገልግሏል። በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ የወጣው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ግን በሆቴሎችና በጭፈራ ቤቶች ባንዶች እጅ የገነነው በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ነው። ማኅሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው «ኧረ መላ መላ» የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ከአብዮቱ በኋላ በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድኖች ሲቋቋሙ ጊታሩም ወደ ክፍላተ ሀገር ወረደ። ስሙን ከሰከላው የዓባይ ምንጭ የወሰደው የጎጃሙ ግሼ ዓባይ የኪነት ቡድን ከእነዚያ ቡድኖች አንዱ ነበር።

የጊታር ተጫዋቹ ከረጢት ቢፈተሽ የሚገኘው ዕቃ ለአዝማሪው እንግዳ አይደለም። የፕላስቲክ መግረፊያ አለ፤ ክራር ደርዳሪውም የራሱ መግረፊያ አለው። ትርፍ ክር አለ፤ አዝማሪውም ትርፍ ጭራ አያጣም። ካፖ የሚባለው መቆንጠጫ ክሮቹን በአንድ ጊዜ ጨቁኖ ድምፁን ከዘፋኙ ጉሮሮ ጋር ያስማማል፤ ማሲንቆኛው ይህንኑ የሚያደርገው መቃኛውን በማዞር ነው። በእግር የሚረገጠው ፔዳል ድምፁን ሲያስለቅሰውና ሲያሻክረው፣ እንዝራ ለበገና የሚሠራውን ሥራ የሚሠራ ያህል ነው። ልዩነቱ ያለው በገመዱ ላይ ነው። በክራር ገበቴውና አውታሩ አንድ አካል ናቸው፤ በኤሌክትሪክ ጊታር ግን ገበቴው ከአካሉ ተለይቶ ማጉያ ሆኖ ማዶ ተቀምጧል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ገመድ ነው። ገመዱ ከተበጠሰ ወይም መብራት ከጠፋ እጅግ የሠለጠነው ጣት እንኳ ከጥቂት ክንድ ርቀት በላይ አይሰማም። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ገጠር ማሲንቆ ለምን ሳትሸነፍ እንደ ቆየች ከዚህ ይታወቃል።

ክራርም በተራው ወደ ኤሌክትሪክ ሲገባ አንድ ነገር አስተማረ። የጊታር ማግኔት የሚሰማው ብረት ብቻ ነው፤ ጅማትና ናይሎን ለእርሱ ዲዳ ናቸው። ስለዚህ ክራሩን በማግኔት ለማጉላት የፈለገ ሰው የብረት ክር ማሰር ግድ ሆነበት፤ ክሩ ሲለወጥ ደግሞ የክራሩ ጠባይ አብሮ ተለወጠ፤ ድምፁ ደመቀ፣ ልስላሴው ግን ቀነሰ። የቀድሞውን ድምፅ ለማቆየት የፈለገ ግን የእንጨቱንና የቆዳውን ንዝረት የሚቀበል ሌላ ዓይነት መሣሪያ ይለጥፋል። በሁለቱም መንገድ መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን ምርጫ መሆኑን አውቆ መምረጥና ሳያውቁ ማጣት የተለያዩ ናቸው።

ለመምህሩም፣ ለባህል ሠራተኛውም፣ ለአርቲስቱም ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ቁም ነገር ይኸው ነው። በሙዚየም መስታወት ውስጥ ማሲንቆ ሰቅሎ ሙጫዋን መርሳት አፍን ጠብቆ ምላስን እንደ መጣል ይቆጠራል። ሙጫው ከየትኛው ዛፍ እንደሚለቀም፣ ቆዳው እንዴት እንደሚለፋ፣ እንዝራው በምን ልክ እንደሚቆረጥ የሚያውቁት ሰዎች ዕውቀቱን የያዙት በእጃቸው ነው፤ በጽሑፍ የሰፈረው ጥቂት ነው። ተማሪ አስከትሎ ወደ እነርሱ ቀርቦ መጠየቅና መጻፍ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ዛሬ ጊታር አንግቶ ከመድረክ የሚወጣው የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ወጣትም ገመዱን ከማጉያው ላይ ሲሰካ፣ ሙጫ በኪሱ ይዞ በዚያው መንገድ በእግሩ የተጓዘው አዝማሪ የሙያ አባቱ መሆኑን ቢያውቅ ጨዋታው ሥር ይኖረዋል።