ሰማዩን ለልጆች ማን ያሳያቸው?

«ኮከብህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን አዲስ አይደለም። ሊያገባ የተነሳ ጎረምሳ ይጠየቀዋል፤ ንግድ ሊጀምር ያሰበ፣ በሽታ የጠናበትም እንዲሁ። «ያ ከወዲያ የሚያበራው ኮከብ ማን ይባላል?» የሚለው ጥያቄ ግን ከልጆች አፍ በቀር እምብዛም አይሰማም። ሲሰማም ብዙውን ጊዜ መልሱ «ዝም በል፣ ኮከብ አይቆጠርም» ነው። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ኮከብ የቆጠረ ልጅ እጁ ላይ ኪንታሮት ይበቅልበታል ይባል ነበር። በነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት ከየት መጣ? ታሪካችን እንዲህ ያለ ርቀት የሚገባው ታሪክ ነውን?

በመጀመሪያው ጥያቄ እንጀምር። በዐውደ ነገሥት ሥርዓት የአንድ ሰው ኮከብ የሚገኘው ከስሙና ከእናቱ ስም ነው። ለየፊደሉ የተሰጠው ቁጥር ይደመርና ለ12 ይካፈላል፤ ቀሪው ኮከቡን ይናገራል። አንድ ቢተርፍ ሐመል፣ ሁለት ቢተርፍ ሠውር፣ ሦስት ቢተርፍ ገውዝ እያለ እስከ ሑት ይዘልቃል። ስሞቹ ከዐረብኛ የመጡ ናቸው፤ ዐረቦቹም ነገሩን ከግሪኮች፣ ግሪኮቹም ከባቢሎን ወርሰውታል። መነሻው ሌሊት ሌሊት ሰማይን ያጤኑ ሰዎች ድካም ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ስሌት ግን ሰማዩን ቀና ብሎ ማየትን ፈጽሞ አይጠይቅም። ወረቀትና እርሳስ ከተገኘ በጠራራ ፀሐይም ይሠራል።

ይህንን ይበልጥ ያስተዋልሁት ባኮ ውስጥ ነው። ባኮ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአምቦና በጌዶ አልፎ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ሞቃት የበቆሎ አገር ናት። ገበሬዎቻችን የሚያውቁት «ቢኤች 660» የተባለው ምርጥ ዘር የወጣው ከዚያው የምርምር ማዕከል ሲሆን፣ ፊደሎቹም «ባኮ ሃይብሪድ» ማለት ናቸው። በአንድ የኅዳር ምሽት መብራት ጠፍቶ ደጅ ተቀምጠን ሳለ፣ ዐሥር ዓመት የሚሆነው የጎረቤት ልጅ «ጋሼ፣ የኔ ኮከብ ሠውር ነው» አለኝ። «የት አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። «መጽሐፉ ውስጥ» አለኝ። በዚያ ሰዓት ሠውር በምሥራቅ በኩል ከዛፎቹ በላይ ወጥቶ ነበር። ቀላ ያለው ዓይኑም፣ ትከሻው ላይ እንደ ወይን ዘለላ የተሰበሰቡት ትንንሽ ከዋክብትም ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር።

ያ ቀይ ኮከብ በዓለም አቀፍ ስሙ አልዴባራን ይባላል፤ በዐረብኛ «ተከታይ» ማለት ነው። የሚከተለውም ያንኑ ዘለላ ነው። የቦረና ኦሮሞዎች ይህንኑ ኮከብ «በከልቻ»፣ ዘለላውን ደግሞ «ቡሳን» ይሉታል። «በከልቻ» የሚለው ቃል በባኮም ይታወቃል፤ በዚያ ግን አጥቢያ ኮከብ ማለት ነው። ስሙ አለ፣ ኮከቡ አለ፣ ልጁም አለ፤ ሦስቱን የሚያገናኝ ሰው ነው የጠፋው።

የቦረናን ነገር ካነሳሁ አይቀር ጥቂት ልቆይበት። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የገዳ ጥናታቸው ለዓለም እንዳስተዋወቁት፣ ቦረናዎች ዘመን የሚቆጥሩት በጨረቃና በከዋክብት ነው። ዓመቱ 12 የጨረቃ ወራት አሉት፤ ሳምንት የሚባል ነገር ግን የለም። በምትኩ 27 የቀን ስሞች አሉ። የጨረቃዋ ወር 29 ቀን ተኩል ያህል ስለሆነ፣ ስሞቹ ካለቁ በኋላ የሚተርፉት ቀናት የመጀመሪያዎቹን ስሞች መልሰው ይወስዳሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ወር በተለየ ስም ይጀምራል። ስድስቱ ወራት የሚለዩት አዲሷ ጨረቃ ከላሚ፣ ከቡሳን፣ ከበከልቻና ከተከታዮቻቸው እስከ ባሳ ድረስ ካሉት ከዋክብት ጋር በምትገናኝበት ጊዜ ነው። በቀሩት ስድስት ወራት ደግሞ ከላሚ ጋር ስትታይ ጨረቃዋ ምን ያህል እንደሞላች ወይም እንደጎደለች ይታያል። ባሳ ማለት ከከዋክብት ሁሉ የሚደምቀው ሲርየስ ነው። ይህንን የሚያውቁት ሊቃውንት «አያንቱ» ይባላሉ። «ጨረቃዋ ከኮከቡ ጋር ተገናኘች» የሚባለው በትክክል መቼ ነው በሚለው ላይ የውጭ አገር የሥነ ፈለክ ምሁራን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ተከራክረዋል። አያንቱዎቹ ግን መጽሐፍ ሳይገልጡ፣ በቃላቸውና በዓይናቸው ብቻ ቀኑን ይናገሩ ነበር።

በደገኛው የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ በኩል ያለውም ከዚህ አያንስም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ ሦስት ቅጂዎች ይዞ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ እስኪደርስ ድረስ ምዕራባውያን ሊቃውንት ሙሉ መጽሐፉ ጠፍቷል ብለው ነበር። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍል ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት አካሄድ ይተርካል። መልአኩ ዑርኤል ለሄኖክ ያሳየዋል፤ ሄኖክም ያየውን ለልጁ ለማቱሳላ ይነግረዋል፤ እርሱም በተራው ለሚመጣው ትውልድ እንዲያስተላልፍ ያዘዋል። ልብ በሉ! እኛ ጠብቀን ለዓለም ያቆየነው ይህ ጥንታዊ ጽሑፍ አባት ለልጁ ሰማይን ሲያስተምር የሚያሳይ ነው። መጽሐፉን ጠበቅን፤ ልማዱን ግን በየቤታችን አላቆየንም።

ሦስተኛው ወሬ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የእስክንድርያው በጥሊሞስ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከመዘገባቸው 48 የከዋክብት ምድቦች መካከል አንድ ንጉሣዊ ቤተሰብ አለ፤ ንጉሥ ኬፌዎስ፣ ንግሥት ካስዮፕያና ልጃቸው አንድሮሜዳ። በግሪኮች ተረት እነዚህ የኢትዮጵያ ነገሥታት ናቸው። እርግጥ የግሪኮች «ኢትዮጵያ» ዳር ድንበሯ የማይታወቅ ሰፊ አገር ነበረች፤ አንዳንዶቹም ታሪኩን ኢዮጴ ወደብ ላይ አድርገውታል። ቢሆንም ለልጅ የሚነገር ድንቅ ተረት ነው። ካስዮፕያን በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት በሰሜን በኩል ለማግኘት ፊደል መቁጠር ይበቃል፤ አምስቱ ከዋክብቷ የተገለበጠ «ንጉሡ ሠ» ይመስላሉ።

ከአንድሮሜዳ ምድብ ውስጥ አንዱ ኮከብ በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የኛን ስም አግኝቷል። ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ማኅበር ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብ ባደለ ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የምትዞረውም ግዙፍ ፕላኔት «አቦል» ተብለዋል። ቡና ከኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ በዓይን ብቻ አይታይም፤ መነጽር ይፈልጋል። ጀበና በሚጣድበት ቤት ለሚያድግ ልጅ ግን ከዚህ የቀረበ የሰማይ መግቢያ ከየት ይገኛል?

መሣሪያ የለንም እንዳንል፣ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ እንጦጦ ላይ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ከታች ያለው የአዲስ አበባ ልጅ ግን በመንገድ መብራትና በሕንፃ ብርሃን የተነሳ ከዋክብቱን በጣት ቆጥሮ ይጨርሳቸዋል። የባኮ ልጅ ደግሞ ቴሌስኮፕ የለውም፤ ሰማዩ ግን አለው። ያውም ምን የመሰለ ሰማይ! ባኮ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በሚያዝያ መጨረሻ ከምሽቱ ሦስት እስከ አራት ሰዓት ደመና ከሌለ በሰሜን ጭልፋ የሚመስሉት ሰባቱ ከዋክብት፣ በደቡብ ደግሞ የደቡብ መስቀል በአንድ ጊዜ ይታያሉ። የለንደን ልጅ መስቀሉን ከአገሩ ሆኖ አያየውም፤ የኬፕታውን ልጅም ጭልፋውን ሙሉውን አያየውም። የኛ ልጅ አንገቱን ብቻ ነው የሚያዞረው።

ትምህርት ቤት የሚከፈተው በቀን ነው፤ ከዋክብት የሚወጡት በሌሊት። ስለዚህ መምህሩ በሰሌዳ ላይ ምንም ያህል ቢደክም፣ ይህ ትምህርት የቤተሰብ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ክፍያ የለውም፤ በኅዳር ቡሳንንና በከልቻን፣ በጥር ባሳን፣ በሚያዝያ መስቀሉን ማሳየት የሚጠይቀው ከቤት ወጥቶ ጥቂት መቆምን ብቻ ነው። ነገር ግን መብራቱ በየዓመቱ ወደ ገጠሩ ከተሞች ይዘልቃል፤ ይዝለቅም፤ ማንም ለኮከብ ሲል በኩራዝ ይኑር አይልም። ስሞቹን የሚያውቁት አዛውንቶችም በየዓመቱ ይቀንሳሉ። ሰማዩ ሳይደበዝዝ፣ አዋቂዎቹም ሳያልፉ ልጆቻችንን ይዘን ደጅ ካልወጣን፣ ነገ «ኮከብህ የት አለ?» ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ ሁሉ ወደ መጽሐፍ ብቻ ሊጠቁም ነው።