የነጋሽ መስጊድና ምእመናኑ

ከውቅሮ ወደ አዲግራት በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ነጋሽ ትንሽ መንደር ብትሆንም፣ ስሟ በእስላም ዓለም ዘንድ የታወቀ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ዓ.ም. ከመካ ተሰደው የመጡትን የነቢዩ መሐመድን ተከታዮች የተቀበሉት ንጉሥ በዚህች መንደር እንደ ተቀበሩ ሙስሊሞች ያምናሉ። ንጉሡ መስለማቸውን ክርስቲያኖች አይቀበሉትም፤ እንግዳ ተቀባይነታቸውን ግን ሁለቱም ወገን ያመሰግናል።

ይሁን እንጂ የመቃብሩ ክብር ለመስጊዱ ጎረቤቶች ርስት አላስገኘላቸውም። በሰሜኑ ደጋ በአብዛኛው ሙስሊም ርስት እንዳይኖረው ልማድ ስለ ከለከለ፣ ጀበርቲ የተባለው ወገን የሚተዳደረው በሽመናና በንግድ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ማዘዛቸው ኑሮውን ይበልጥ አጠበበው። ልማዱን በሕግ የሻረው፣ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ያዘዘው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው።

እርሻው ቢነፈግም ማኅበሩ አልተበተነም፤ ለዓሹራ በዓል ከየአገሩ ለዚያራ የሚመጣው ሕዝብ ነጋሽን የብዙዎች መሰብሰቢያ አደረጋት። መስጊዱም በቱርክ መንግሥት ርዳታ ታድሶ ነበር። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ግን በትግራይ ጦርነት ጊዜ በከባድ መሣሪያ ተመታ፤ ሚናራውና ጉልላቱ ተጎዱ፣ ንብረቱም ተዘረፈ።