የምግብ ቧንቧ ስቴንት፦ ከመዋጥ ችግር ጋር እየኖሩ የካንሰር ሕክምናን መከታተል

የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያለባቸው ሕሙማን አብዛኞቹ ወደ ጤና ተቋም የሚሄዱት ምግብ መዋጥ ሲሳናቸው ነው። በመጀመሪያ ደረቅ ዳቦና ሥጋ ደረት ላይ ይቆማል። ቀጥሎ እንጀራ፣ ከዚያም ገንፎ፣ በመጨረሻም ውኃና የራስ ምራቅ ሳይቀር አልወርድ ይላል። ችግሩ ቀስ በቀስ የሚመጣ በመሆኑ ሕመምተኛው ሳይታወቀው አመጋገቡን ከሕመሙ ጋር ያስማማል። ሥጋ ይተዋል፣ እንጀራውን በወጥ አብዝቶ ያርሳል፣ ከጉርሻ ጉርሻ ውኃ ይጎነጫል፣ ከሰው ጋር መብላትንም ይሸሻል። በዚህ መንገድ ወራት ያልፉና ሐኪም ዘንድ የሚቀረበው የሰውነት ክብደት በእጅጉ ከቀነሰ በኋላ ይሆናል።

የምግብ ቧንቧ በአዋቂ ሰው ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከጉሮሮ ተነስቶ እስከ ጨጓራ የሚደርስ የጡንቻ ቱቦ ነው። ግድግዳው የመለጠጥ ባሕርይ ስላለው በውስጡ ዕጢ ማደግ ቢጀምርም ምግብ ለረዥም ጊዜ ያለ ችግር ማለፉን ይቀጥላል። ጠጣር ምግብ ማስቸገር የሚጀምረው የውስጥ ስፋቱ ወደ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲወርድ ነው። በመሆኑም ዳቦ መዋጥ ያስቸገረው ሰው ምልክቱን ቀላል አድርጎ ማየትና በጨጓራ መድኃኒት ብቻ ማለፍ አይኖርበትም።

ሐኪሞች የችግሩን ደረጃ ከ0 እስከ 4 ባለው መለኪያ ይገልጻሉ። ዜሮ ማለት ሁሉንም ምግብ መዋጥ መቻል ሲሆን፣ 1 አንዳንድ ጠጣር ምግቦችን፣ 2 ለስላሳና ገንፎ መሰል ምግቦችን፣ 3 ፈሳሽ ብቻ መውሰድን ያመለክታል። ምራቅን እንኳ መዋጥ አለመቻል 4 ይሰጠዋል። ሕመምተኛው የሚበላውንና የማይበላውን በዝርዝር መናገሩ ለዚህ ምዘና ዋነኛው ግብዓት ነው።

ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቀው ቀጣና በሽታው በብዛት ከሚታይባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ በርካታ ሕሙማን እንደሚገኙ ጥናቶች ያመለክታሉ። ትምባሆና አልኮል ከታወቁት አጋላጭ ምክንያቶች መካከል ይጠቀሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትኩስ የሆኑ መጠጦችን "ካንሰር የማምጣት ዕድል ያላቸው" በሚለው ምድብ አስቀምጧቸዋል። ቡናውንና ገንፎውን እንደ ወረደ ማቅረብ በሚዘወተርበት አገር ይህ ግኝት ሊጤን የሚገባው ነው።

ስቴንት የተዘጋውን መንገድ ከውስጥ ደግፎ ክፍት የሚያደርግ የሽቦ መረብ ቱቦ ነው። በአሁኑ ጊዜ በአብዛኛው የሚሠራው ኒቲኖል ከሚባል የኒኬልና የቲታኒየም ውህድ ሲሆን፣ ተጨምቆ በቀጭን ማስገቢያ ውስጥ ከገባ በኋላ በጠበበው ቦታ ላይ ሲለቀቅ በራሱ ይከፈታል። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ስፋቱ እንደ ዓይነቱ ከ18 እስከ 23 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስያሜው የተገኘው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረውና የጥርስ ቅርጽ መውሰጃ ቁስ ካሻሻለው እንግሊዛዊ የጥርስ ሐኪም ቻርለስ ስቴንት ነው። ሰውየው ራሱ ከምግብ ቧንቧ ጋር የሚያገናኘው ሥራ አልነበረውም።

ስቴንቱ የሚገባው በአፍ በኩል በሚያልፍ የኢንዶስኮፒ መሣሪያ በመታገዝ ሲሆን፣ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። በብዙ አገሮች አቀማመጡን በራጅ መሣሪያ እየተከታተሉ መሥራት የተለመደ ነው። ሆኖም በኬንያ ቦሜት የሚገኘው የቴንዌክ ሆስፒታል ባለሙያዎች በኢንዶስኮፒ ብቻ በመጠቀም በርካታ ሕሙማንን አክመዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናታቸው ከ900 በላይ ሕሙማንን ያካተተ ሲሆን፣ ውድ መሣሪያ ባልተሟላበት ሆስፒታልም አገልግሎቱን መስጠት እንደሚቻል አሳይቷል። ለአገራችን ሆስፒታሎችም ቅርብ የሆነ ተሞክሮ ነው።

ስቴንት ለሁሉም ሕመምተኛ የሚመከር አይደለም። ካንሰሩን በቀዶ ሕክምና ወይም በኬሞቴራፒና በጨረር ጥምረት ፈጽሞ ማዳን ይቻላል ተብሎ በታቀደበት ሁኔታ፣ የአውሮፓ የኢንዶስኮፒ ባለሙያዎች መመሪያ ከሕክምናው በፊት ስቴንት ማስገባትን አይደግፍም። የቧንቧው ግድግዳ ሊቀደድ ወይም ሊደማ፣ ዕጢው ሲቀንስም ስቴንቱ ሊንሸራተት ይችላል። እንዲህ ላሉ ሕሙማን በአፍንጫ ወይም በሆድ በኩል የሚገባ የመመገቢያ ቱቦ የተሻለ አማራጭ ይሆናል። ስቴንት በዋናነት የሚያገለግለው ሕክምናው ዕድሜን ለማራዘምና ስቃይን ለማቅለል በሚሰጥበት ጊዜ፣ እንዲሁም በምግብ ቧንቧና በአየር ቧንቧ መካከል ቀዳዳ ተፈጥሮ ምግብ ወደ ሳንባ በሚገባበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛውም ሆነ ቤተሰቡ "የሕክምናው ዓላማ ምንድን ነው?" ብለው ስቴንቱ ከመግባቱ አስቀድመው ሊጠይቁ ይገባል።

ከዕጢው አጠገብ የሚቀመጥ የጨረር ሕክምናም ሌላ አማራጭ ነው። በኔዘርላንድስ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ሁለቱን አወዳድሮ፣ ስቴንት ፈጥኖ እፎይታ እንደሚሰጥ፣ ጨረሩ ግን ዘግይቶ ቢጀምርም ውጤቱ ለረዥም ጊዜ እንደሚቆይ አረጋግጧል። የአገራችን ሕመምተኛ ምርጫ ግን በጥናት ውጤት ብቻ አይወሰንም። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ማዕከል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ሆኖ መቆየቱና የተራ መጠበቂያው መርዘሙ የሚታወቅ ነው። ወራት መጠበቅ ለማይችል ሰው ፈጥኖ የሚሠራው ሕክምና የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል።

ስቴንቱ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ከ1 እስከ 3 ቀናት ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ የደረት ሕመም መሰማቱ የተለመደ ሲሆን፣ የሕመም ማስታገሻ ይሰጣል። አመጋገቡ ሐኪሙ በሚሰጠው ፈቃድ ከቀጭን ፈሳሽ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ለስላሳ ምግብ ይሸጋገራል። ለሳምንታት ምንም ያህል ሳይመገብ የቆየ ሰው መንገዱ ተከፈተ ተብሎ በአንድ ጊዜ ብዙ እንዲበላ ማድረግ አደገኛ ነው። በደም ውስጥ ያሉ ማዕድናት በድንገት ሊዛቡ ስለሚችሉ መጠኑ በባለሙያ ክትትል መጨመር ይኖርበታል።

ብዙ ቤተሰቦች የማይረዱት ነገር አለ። ጤናማ የምግብ ቧንቧ የዋጥነውን ወደ ታች የሚገፋው በጡንቻው እንቅስቃሴ ነው። ስቴንቱ ያለበት ክፍል ይህን ኃይል ስለማያገኝ ምግብ የሚወርደው በአብዛኛው በራሱ ክብደትና በፈሳሽ እየታጠበ ነው። መንገዱ ተከፈተ እንጂ የመዋጥ ተግባር እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ መብላት፣ ከተበላም በኋላ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ ሳይተኙ መቆየት፣ በምግብ መካከልና መጨረሻ ፈሳሽ መጠጣት ግዴታ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

አደጋ የሚያስከትሉት ምግቦች ከውኃ ጋር ሲገናኙ የሚጠቀለሉ ወይም ጭረት የበዛባቸው ናቸው። ዳቦ በተለይም ትኩስ ዳቦ፣ ጥብስ፣ ቆሎ፣ ያልተፈጨ ጎመን፣ የብርቱካን ገለፈትና ወፍራም ገንፎ በዚህ ረድፍ ይመደባሉ። ደረቅ እንጀራም እንደ ዳቦ ሊጠቀለል ስለሚችል በቀጭን ሽሮ ወይም በመረቅ በደንብ የራሰ ፍትፍት ሆኖ በጥቂት በጥቂቱ ቢወሰድ ይሻላል። አጥሚት፣ ተጣርቶ የቀጠነ ሾርባ፣ ወተት፣ እርጎ፣ በደንብ የተመታ እንቁላል፣ የአቮካዶ ጭማቂና በፈሳሽ የተበጠበጠ በሶ ጠቃሚ ናቸው። በአጥሚቱ ላይ ቅቤ፣ ወተት ወይም የለውዝ ቅቤ መጨመር የምግቡን መጠን ሳያበዛ ኃይሉን ይጨምረዋል፤ ጥቂት ብቻ መብላት ለሚችል ሰው ትልቅ ልዩነት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ በዝቶ ከሚቀርብ ምግብ ይልቅ አምስት ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መመገብ ይመረጣል። በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው የሰውነቱ የመከላከል አቅም ስለሚዳከም ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ሊወስድ አይገባም።

በፍቅር የሚሰጥ ጉርሻ ለዚህ ሕመምተኛ ከአደጋዎች ሁሉ የቀረበው ነው። የሚያጎርሰው ሰው ተቀባዩ ምን ያህል ማኘክና መዋጥ እንደሚችል አያውቅም፤ ተቀባዩም አክብሮት ስለሚይዘው ሳያላምጥ ይውጣል። በድግስም ሆነ በለቅሶ ቤት ዘመድ አዝማዱ ይህን አውቆ በጉርሻ ፈንታ ጽዋ ቢያቀብለው ፍቅሩ አይጎድልም። ጾምን በተመለከተ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ሕመምተኛው ከንስሐ አባቱ ጋር ሊመክር ይችላል፤ በእስልምናም የታመመ ሰው በረመዳን እንዳይጾም ተፈቅዶለታል።

በብዙ ሆስፒታሎች ከምግብ በኋላ ጋዝ ያለው ውኃ እንዲጎነጩ ይመከራል። በአገራችን አምቦ ውኃ ለዚህ ያገለግላል። ምክሩ በጠንካራ ጥናት የተደገፈ ባይሆንም ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ሆኖም ስቴንቱ የጨጓራን አፍ አልፎ የተቀመጠላቸው ሕሙማን ጋዙ ሊያስቸግራቸው ይችላል። እነዚሁ ሕሙማን የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ስለሚመለስባቸው የአልጋቸውን ራስጌ ከፍ ማድረግና እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ መድኃኒቶችን በሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ያስፈልጋቸዋል። ትልልቅ እንክብሎች ስቴንቱ ላይ ሊቆሙ ይችላሉ። ይሁን እንጂ መድኃኒትን ሁሉ መፍጨት ስሕተት ነው፤ ቀስ በቀስ እንዲሠሩ የተዘጋጁት ሲፈጩ ሙሉ መጠናቸው በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። በፈሳሽ መልክ የተዘጋጀ ካለ ፋርማሲስቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ምግብ በድንገት ከቆመ መብላትን ማቆም፣ ቆሞ መንቀሳቀስና ለብ ያለ ውኃ በጥቂቱ መጎንጨት ይመከራል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካልወረደ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ተጨማሪ ምግብ እየዋጡ ለመግፋት መሞከር ግን አይገባም። ደም ማስመለስ፣ ጥቁር ሰገራ፣ ትኩሳት፣ ድንገተኛ ከባድ የደረት ሕመም፣ እንዲሁም ፈሳሽ በተጠጣ ቁጥር ሳል መነሳት ለነገ የማይባሉ ምልክቶች ናቸው።

መዋጥ ከጊዜ በኋላ እንደገና ቢያስቸግርም ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ልባስ የሌለው ስቴንት ዕጢው በሽቦው መካከል እንዲያድግ ያስችላል፤ ሙሉ ልባስ ያለው ደግሞ ይህን ቢከላከልም ለመንሸራተት ይቀለዋል። በሁለቱም ሁኔታ ቦታውን ማስተካከል ወይም በውስጡ ሁለተኛ ስቴንት ማስገባት ይቻላል።

በሥራ ላይ ያለ ሕመምተኛ ጉዳይ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችንም ይመለከታል። ሁለት የኬሞቴራፒ ዙሮች በሚወሰዱበት መካከል ሥራውን መሥራት የሚችል ሠራተኛ ከመደበኛው የምሳ ሰዓት ውጪ ጥቂት ጥቂት ለመመገብ፣ ቀስ ብሎ ለመብላትና አንዳንዴም ምራቁን ለብቻው ለመትፋት ቦታና ጊዜ ይፈልጋል። ብዙዎች ይህን ለመጠየቅ ስለሚያፍሩ ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ይውላሉ። ክብደቱ የቀነሰ ሕመምተኛ ደግሞ ቀጣዩ ዙር ኬሞቴራፒ ሊዘገይበት ወይም መጠኑ ሊቀነስበት ይችላል። የሰው ኃይል ክፍሎች የሐኪም ማስረጃ ሲቀርብላቸው የፈቃድ ቀናትን ብቻ ሳይሆን በሥራ ሰዓት የሚያስፈልገውንም ቢጠይቁ መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም።

ስቴንት የገባለት ሰው የስቴንቱን ዓይነት፣ ርዝመትና ስፋት፣ ልባስ ያለው ወይም የሌለው መሆኑንና የገባበትን ቀን የሚገልጽ ወረቀት ከሆስፒታሉ ተቀብሎ ከኪሱ ሊለየው አይገባም። ወደ ሌላ ሆስፒታል በድንገት ሲገባም ሆነ የኤም.አር.አይ. ምርመራ ሲታዘዝለት ባለሙያዎቹ በቅድሚያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።