ማን፣ ምን፣ የት፦ በድረ ገጽ ፕለጊኖች ላይ የሚገኝ የፋይል ጭነት ክፍተት

የፋይል ጭነት ክፍተት የሚባለው አንድ ድረ ገጽ ከውጭ የሚላክለትን ፋይል በቂ ፍተሻ ሳያደርግ በመቀበሉ የሚፈጠር የደኅንነት ጉድለት ነው። ፎቶ ወይም የሥራ ማመልከቻ ለመቀበል የተዘጋጀ ቅጽ የፕሮግራም ኮድ ተቀብሎ ሰርቨሩ ላይ ካስቀመጠ፣ ላኪው ያንን ሰርቨር የማዘዝ ዕድል ያገኛል። የሶፍትዌር ድክመቶችን በየዓይነታቸው የሚመዘግበው የአሜሪካው ማይተር ድርጅት ጉድለቱን በቁጥር 434 አስፍሮታል። ክፍተቱ ጎልቶ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ፕለጊን ነው፤ ፕለጊን በዎርድፕሬስ፣ በጁምላና በመሳሰሉት ሥርዓቶች ለተሠራ ድረ ገጽ ተጨማሪ አገልግሎት የሚሰጥ፣ ብዙውን ጊዜ የሥርዓቱ ባለቤቶች ያልጻፉት ፕሮግራም ነው።

በድረ ገጽ ቅጽ ፋይል የመላኪያው ደንብ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1995 ነው። የዜሮክስ ባልደረቦች ኤርኔስቶ ኔበልና ላሪ ማሲንተር አርኤፍሲ 1867 በተባለው ሰነድ አቀረቡት። በደንቡ መሠረት የፋይሉን ስምና ዓይነት የሚናገረው ላኪው ራሱ ነው። ላኪው ሁለቱንም እንደፈለገ መቀየር ይችላል፤ በርካታ ፕለጊኖች የተጠቁትም ይህን ቃል አምነው በመቀበላቸው ነው።

ጥቃቱ እንዴት ይፈጸማል

በፒኤችፒ ቋንቋ የሚሠራ ሰርቨር አንድን ፋይል ማሳየት ወይም ማስኬድ እንዳለበት የሚወስነው በአብዛኛው የስሙን ቅጥያ አይቶ ነው። ቅጥያው የፒኤችፒ የሆነ ፋይል ከኢንተርኔት በሚደረስበት ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ፣ አድራሻውን በብራውዘር መክፈት ብቻ ኮዱን ያስነሳዋል። አጥቂዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጭኑት ዌብ ሼል የሚባል፣ በጥቂት መስመር ሊጻፍ የሚችል ፕሮግራም ነው። በእርሱ አማካኝነት የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ያነባሉ፣ የአስተዳዳሪ አካውንት ይፈጥራሉ፣ ጎብኚዎችን ወደ አጭበርባሪ ገጾች ይመራሉ፣ ሰርቨሩንም ሌሎችን ለማጥቃት ይጠቀሙበታል።

ፋይል የሚቀበል ፕለጊን ሦስት ጥያቄዎችን ራሱ መመለስ አለበት፦ የላከው ማን ነው? የተላከው ምንድን ነው? የሚቀመጠውስ የት ነው? ታዋቂዎቹ አደጋዎች የደረሱት ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ሳይጠየቅ ሲቀር ወይም መልሱ ለሌላ ሲተው ነው።

ማን ላከው?

ሜይልፖየት ለዎርድፕሬስ የተሠራ የዜና መልእክት መላኪያ ፕለጊን ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2014 ሱኩሪ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ክፍተቱን ይፋ ሲያደርግ ፕለጊኑ ከ1.7 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዶ ነበር። ስህተቱ የመነጨው ከተሳሳተ ግምት ነው። ዎርድፕሬስ የአስተዳደር ክፍሉ ሲከፈት የሚቀሰቅሰው አንድ ተግባር አለ፤ የፕለጊኑ ጸሐፊዎች ይህን ተግባር ሊቀሰቅስ የሚችለው አስተዳዳሪ ብቻ መሰላቸው። ተግባሩ ግን የይለፍ ቃል ያላስገባ ማንኛውም ሰው አንድ የተወሰነ አድራሻ ሲጠራም ይነሣል። በዚህ የተነሣ ማንም ሰው ፋይል መጫን ቻለ። መፍትሔው በ2.6.7ኛው እትም ቢወጣም፣ በሳምንታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ተጠልፈዋል።

ምን ተላከ?

ፍተሻው በስም ላይ ብቻ ከቆመ የሚታለልበት መንገድ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተደረሰበት የጁምላ ጉድለት ከፋይሉ ስም መጨረሻ አንዲት ነጥብ በመጨመር የሚታለፍ ነበር፤ በ2.5.14 እና በ3.1.5 እትሞች ተደፍኗል። ይዘትን መመልከትም ላይ ላዩን ከሆነ አይበቃም። የጂአይኤፍ ምስል መለያ በሆኑት ፊደላት የሚጀምርና ከሥሩ የፒኤችፒ ኮድ የያዘ ፋይል፣ የመጀመሪያዎቹን ባይቶች ብቻ ለሚያይ ፈታሽ ምስል መስሎ ያልፋል። ኤስቪጂ የተባለው የምስል ዓይነት ደግሞ በጽሑፍ የሚሠራ በመሆኑ፣ በጎብኚው ብራውዘር ላይ የሚሮጥ የጃቫስክሪፕት ኮድ ሊሸከም ይችላል።

ከ200,000 በላይ ድረ ገጾች ይጠቀሙበት የነበረው ሮያል ኤለመንተር አድኦንስ የተባለ የዎርድፕሬስ ፕለጊን እ.ኤ.አ. በ2023 የተጠቃው በዚሁ በኩል ነው። ሲቪኢ-2023-5360 በሚል መለያ ቁጥር በተመዘገበው ክፍተት አጥቂው የተፈቀዱ የፋይል ዓይነቶችን ዝርዝር ከጥያቄው ጋር ራሱ ይልክ ነበር፤ በዝርዝሩ ውስጥ ልዩ ምልክት በመሰግሰግም ክልከላውን ያልፍ ነበር። ማስተካከያውን የያዘው የ1.3.79 እትም በኦክቶበር ከመውጣቱ በፊት ጥቃቱ ተጀምሮ ነበር።

የት ተቀመጠ?

ከሦስቱ ጥያቄዎች በቀላሉ የሚዘነጋው ይህኛው ነው። ጄክዌሪ ፋይል አፕሎድ በሰባስቲያን ቻን የተጻፈ፣ በኮድ ማጋሪያው ጊትሃብ ላይ ከ7,800 ጊዜ በላይ የተቀዳ ተወዳጅ ፕለጊን ነው። ማንኛውንም ዓይነት ፋይል ይቀበል ነበር፤ የተጫነው ፋይል እንዳይሮጥ የሚከለክለው ግን በፎልደሩ ውስጥ የተቀመጠ ኤችቲአክሰስ የተባለ የአፓቼ ሰርቨር መመሪያ ነበር። አፓቼ ከ2.3.9 እትም ጀምሮ እንዲህ ያሉ የፎልደር መመሪያዎችን፣ የሰርቨሩ ባለቤት ካልፈቀደ በቀር፣ እንዳያነብ ተደረገ። ለውጡ ለሰርቨሩ ፍጥነትና ደኅንነት ታስቦ የተደረገ ነበር። የፕለጊኑ መከላከያ ግን መመሪያው በማይነበብባቸው ሰርቨሮች ላይ ዋጋ አልነበረውም፤ ምንም የስህተት መልእክትም አልታየም።

ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ያጋለጠው የአካማይ ተመራማሪ ላሪ ካሽዶላር ነው። ፕለጊኑን ፈትሾ ኮድ መጫንና ማስኬድ ቻለ፤ ጥቃቱን ደረጃ በደረጃ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችም ከዓመታት በፊት ዩቲዩብ ላይ ወጥተው አገኘ። ሲቪኢ-2018-9206 የተባለው ክፍተት በዋናው ፕለጊን ላይ በፍጥነት ተስተካከለ። በሺዎች ለሚቆጠሩት ቅጂዎች ግን ማሻሻያው በራሱ አይደርስም፤ እያንዳንዱ ባለቤት ራሱ ማስተካከል ነበረበት።

የተረሳ የሙከራ ፋይል

ከ700,000 በላይ ድረ ገጾች ላይ የነበረው ዎርድፕሬስ ፋይል ማናጀር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ሦስቱንም ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ሳተ። ፕለጊኑ ኤልፋይንደር የተባለ የፋይል ማስተዳደሪያ ያቀፈ ነበር፤ ከእርሱ ጋር የሚመጣው ናሙና ፋይል ሰርቨሩ እንዳያስኬደው ሆን ተብሎ የተለየ ቅጥያ ተሰጥቶታል። በፕለጊኑ ውስጥ ግን ቅጥያው ወደ ፒኤችፒ ተለውጦ ከእትሙ ጋር ወጣ። አድራሻውን የሚያውቅ ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል ፋይል መጫን ቻለ።

ሴራቮ የተባለው የፊንላንድ የሰርቨር አከራይ ጥቃቱን በደንበኞቹ ላይ አይቶ ካሳወቀ በኋላ፣ 6.9ኛው እትም ሴፕቴምበር 1 ወጣ። ዎርድፌንስ የተባለው ኩባንያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ450,000 በላይ የጥቃት ሙከራዎችን መከልከሉን አስታወቀ። አንዳንድ ሰርጎ ገቦች ከገቡ በኋላ ሌላ ሰርጎ ገብ እንዳይከተላቸው ክፍተቱን በይለፍ ቃል ዘግተውታል።

መከላከያና ጽዳት

ለፕለጊን ጸሐፊዎች ዋናው ጥንቃቄ የተከለከሉትን ከመዘርዘር ይልቅ የሚፈቀዱትን ጥቂት ዓይነቶች በሰርቨሩ በኩል መወሰን ነው። የላኪውን ፈቃድ በግልጽ ማጣራት፣ ለፋይሉ አዲስ ስም መስጠት፣ ምስልን በአዲስ መልክ ቀርጾ ማስቀመጥ፣ ከተቻለም ፋይሉን ከኢንተርኔት በቀጥታ በማይደረስበት ቦታ ማኖር ይከተላሉ። ዎርድፕሬስ ለዚሁ ያዘጋጃቸው ተግባራት ስላሉ እነርሱን መጠቀም ከባዶ ከመጀመር ይሻላል። የድረ ገጽ ባለቤቶች በበኩላቸው የማይጠቀሙበትን ፕለጊን ማጥፋት አለባቸው፤ ከአገልግሎት ውጪ የተደረገ ፕለጊን ፋይሎቹ ሰርቨሩ ላይ እስካሉ ድረስ አንዳንዴ በቀጥታ ሊጠሩ ይችላሉ።

ማሻሻያ መጫን ክፍተቱን ይደፍናል እንጂ ቀድሞ የተተከለውን ዌብ ሼል አያስወግድም። ስለዚህ የተጠቃ ድረ ገጽ ባለቤት የአስተዳዳሪ አካውንቶችን መመርመር፣ የድረ ገጹንና የዳታቤዙን የይለፍ ቃሎች መቀየር፣ የፕለጊኖቹንም ፋይሎች ከንጹሕ ቅጂ ጋር ማስተያየት ይኖርበታል። ለፎቶና ለሰነድ ብቻ በተመደበው ፎልደር ውስጥ የሚገኝ የፒኤችፒ ፋይልም፣ አንዳንድ ፕለጊኖች ሆን ብለው ከሚያስቀምጡት ባዶ ፋይል በቀር፣ ተከፍቶ ሊነበብ ይገባዋል።